የሲጋራ ፓኮና የአገር ሉዓላዊነት፦ ከባንኮክ እስከ አዲስ አበባ

 

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከዕለት ተዕለቱ የፖለቲካ ጫጫታ ራቅ ያለ ይመስላል፤ ግን የእያንዳንዳችንን ቤት የሚመለከት ነው። አንድ መንግሥት የሕዝቡን ጤና ለመጠበቅ ሕግ ሲያወጣ፣ “ይህን ማድረግ አትችልም” ሊለው የሚችለው ማን ነው? የራሱ ፓርላማ? የራሱ ፍርድ ቤት? ወይስ ውጭ አገር የተሰየመ የንግድ ዳኛ? መልሱን ከሲጋራ ታሪክ እናገኘዋለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከታይላንድ እንጀምር። ታይላንድ በ1966 ባወጣችው ሕግ የውጭ ሲጋራ ያለ ፈቃድ እንዳይገባ ከለከለች፤ ፈቃዱን ግን ለማንም አትሰጥም ማለት ይቻላል። በአገር ውስጥ ሲጋራ የሚያመርተውና የሚሸጠው ራሱ መንግሥት ነበር። አሜሪካ ጉዳዩን የዓለም ንግድ ድርጅት ከመቋቋሙ በፊት ወደነበረው የንግድና ታሪፍ ስምምነት፣ ጋት ወደሚባለው፣ ወሰደችው። ታይላንድ “የሕዝቤን ጤና እየጠበቅሁ ነው” ስትል ተከራከረች። ዳኞቹ በ1990 የሰጡት ውሳኔ እስከ ዛሬ ትምህርት ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 20 የሰውን ሕይወትና ጤና ለመጠበቅ አስፈላጊ የሆነ እርምጃ መውሰድ ይፈቅዳል አሉ። ነገር ግን የራስህን ሲጋራ እየሸጥክ የሌላውን ብቻ መከልከል አስፈላጊ አይደለም፤ ማስታወቂያን መከልከል፣ ግብር መጣል፣ ማስጠንቀቂያ ማስጻፍ ትችላለህ፣ በሁሉም ላይ እኩል እስከሆነ ድረስ አሏት። ታይላንድ ተረታች፤ ትምህርቱን ግን ወሰደች። በ1992 ለአገር ውስጡም ለውጭውም እኩል የሚሠሩ ሁለት ጠንካራ የትምባሆ ሕጎች አወጣች።

ቀጥሎ የመጣው ክስ ከዚህ የከፋ ነበር። በጋት መንግሥትን የሚከሰው መንግሥት ነው። በኢንቨስትመንት ጥበቃ ስምምነቶች ግን ኩባንያ ራሱ መንግሥትን ይከሳል።

ኡራጓይን ተመልከቱ። ሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ያላት ትንሽ አገር ናት። ፕሬዚዳንቷ ታባሬ ቫስኬዝ የካንሰር ሐኪም ነበሩ። መንግሥታቸው ማስጠንቀቂያው የፓኮውን 80 በመቶ እንዲሸፍን፣ አንድ የሲጋራ ስምም በአንድ ዓይነት ፓኮ ብቻ እንዲሸጥ አዘዘ። ፊሊፕ ሞሪስ በ2010 ከሰሰ። መሠረት ያደረገው ኡራጓይ ከስዊዘርላንድ ጋር በ1988 የተፈራረመችውን ስምምነት ነው። ያኔ ፊርማውን ያኖሩት ሰዎች ስለ ሲጋራ ማስጠንቀቂያ ያሰቡ አይመስለኝም። ከክሱ በኋላ መንግሥት ሕጉን ለማላላት እስከማሰብ ደርሶ ነበር፤ ከአሜሪካ የመጣ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ለጠበቃ ወጪው ደገፈው። በ2016 ዳኞቹ ክሱን ውድቅ አድርገው ኩባንያው ለኡራጓይ ወጪ 7 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰኑ።

አውስትራሊያ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ያንን ጥቁር ቡናማ የሲጋራ ፓኮ ታውቁታላችሁ። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ የኩባንያ ቀለምና አርማ የለበትም። መንግሥት ዕቅዱን ካሳወቀ በኋላ ይኸው ኩባንያ የአውስትራሊያ ንብረቱን ሆንግ ኮንግ ወዳለው እህት ኩባንያ አዙሮ፣ በሆንግ ኮንግ ስምምነት ከሰሰ። ዳኞቹ በ2015 ይህ መብትን ያለአግባብ መጠቀም ነው ብለው ጉዳዩን አናይም አሉ። በዓለም ንግድ ድርጅት በኩል የመጣውንም ክስ አውስትራሊያ በ2020 በይግባኝ ጭምር አሸነፈች።

እንግዲህ “አሸነፉ አይደል? ታዲያ ምን ያሳስባል?” ትሉኝ ይሆናል። የሚያሳስበው በመካከል የባከነው ጊዜ ነው። ኡራጓይ ስድስት ዓመት ተጉላላች። ሀብታሟ ኒውዚላንድ እንኳ የአውስትራሊያ ጉዳይ እስኪለይለት የራሷን ሕግ አቆይታለች። የክሱ ጉልበት ከፍርዱ ይልቅ በሚፈጥረው ፍርሃት ላይ ነው። ጠበቃ የሚከፍልለት የሌለው ድሃ አገር ሕጉን ረቂቅ ላይ እያለ ይተወዋል። ያ ደግሞ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ኢትዮጵያም እንደ ታይላንድ የመንግሥት የትምባሆ ሞኖፖል ነበራት። በ2016 እና በ2017 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 70.95 በመቶ ድርሻ ለጃፓን ኩባንያ በድምሩ 944 ሚሊዮን ዶላር ሸጠች። በ2019 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ የፓኮውን 70 በመቶ እንዲሸፍን፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ወጣት ሲጋራ እንዳይሸጥ ደነገገች። በአፍሪካ ጠንካራ ከሚባሉት ሕጎች አንዱ ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ለዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ደግሞ በ2003 አመልክታ ከሃያ ዓመት በላይ ስትደራደር ቆይታለች። ከበርካታ አገሮችም ጋር የኢንቨስትመንት ጥበቃ ውል አላት።

ማንም ከሷታል እያልኩ አይደለም። የምለው፣ ክስ ሳይመጣ ቤታችንን እናሰናዳ ነው። አንደኛ፣ የጤና ሕጋችን ለአገር ልጅም ለውጭ ባለሀብትም እኩል ይሁን። ታይላንድ የተረታችው በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ድንጋጌ ጀርባ የሳይንስ ማስረጃ በመዝገብ ይቀመጥ። በ2014 ያጸደቅነው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት እዚህ ላይ ጋሻ ነው፤ ኡራጓይንም ጠቅሟታል። ሦስተኛ፣ አሮጌዎቹ ውሎች ይከለሱ፤ “የሕዝብን ጤና ለመጠበቅ የሚወጣ ሕግ ካሳ አያስጠይቅም” የሚል አንቀጽ በግልጽ ይጻፍባቸው። ይህን የሚሠሩት ደግሞ የጤና ሚኒስቴርና የንግድ ተደራዳሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ብቻ ነው።

እናንተ በውጭ የምትኖሩ የሕግና የጤና ባለሙያዎች፣ አገራችሁ ከገንዘባችሁ ባልተናነሰ ዕውቀታችሁን የምትፈልገው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ በውል ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር፣ ነገ ሐኪሙ ለልጆቻችን ምን ማድረግ እንደሚፈቀድለት ይወስናል።