ከሥዕሉ በስተጀርባ ያለው ግድግዳ

ስለ ጥንታዊው የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በተነሣ ቁጥር የሚወሳው የቅዱሳኑ ትልልቅ ዓይን፣ የቀለሙ ድምቀትና የሠዓሊው እጅ ነው። ሥዕሉን የተሸከመው ግድግዳ ግን እምብዛም አይወሳም። ሆኖም ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ጭቃ የረገጠ፣ ስንጥቅ የደፈነ፣ ሸካራውን ያለሰለሰ ሠራተኛ ነበር። ይህ ሠራተኛ ስሙ አልተጻፈለትም፤ ሥራው ግን የሥዕሉን ዕድሜ፣ አንዳንድ ጊዜም ሥዕሉ የሚኖርበትን አገር ሳይቀር ወስኗል።

በጣና ዙሪያና በጎንደር ባሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ዋናው ሥዕል የሚያርፈው በመቅደሱ ግድግዳ ውጫዊ ገጽ ላይ ነው። ግድግዳው ድንጋይም ይሁን እንጨት፣ ፊቱ የሚለብሰው ብዙውን ጊዜ ጭቃ ነው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ በእግር ይረገጣል፤ ለቀናትም ይቦካል። ጭቃ ሲደርቅ ውኃው ስለሚወጣ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይሰነጠቃል። የጭዱ ጥቅም ስንጥቅን ፈጽሞ መከልከል ሳይሆን፣ ሊፈጠር የነበረውን አንድ ትልቅ ስንጥቅ ወደ ብዙ ደቃቅ ስንጥቆች መበተን ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠራተኛ ወፍራሙ ምርጊት ደርቆ የልቡን ሁሉ እስኪያወጣ ይጠብቃል እንጂ ልስኑን ለመደረብ አይቸኩልም። ስንጥቁንም ሳያርስ አይደፍንም፤ ደረቁ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውኃ ፈጥኖ ከመጠጠው ድፍኑ አይዝም፣ ይረግፋልና። ይህን ዕውቀት በየመንደሩ የቤታቸውን ግድግዳ በእበትና በአፈር የሚለቀልቁት እናቶች ዛሬም አሳምረው ያውቁታል፤ የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ከእነርሱ ጠይቀው የጻፉት ጥቂት ነው።

በትግራይ ከዐለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ችግሩ ሌላ ነበር። ዐለት እንደ ጭቃ አይኮማተርም፤ ነገር ግን የመሮው ጠባሳ ፊቱን ወጣ ገባ ያደርገዋል። እንደ አቡነ የማታ ጉሕ ባሉት ሥፍራዎች ገጹ በስስ ልስን ከተስተካከለ በኋላ ነው ቀለም የተቀባው። የኢትዮጵያ ሠዓሊ እንደ ኢጣሊያው ባልደረባው በእርጥብ ኖራ ላይ አልሣለም፤ ደርቆ በተዘጋጀ ገጽ ላይ፣ በሙጫ በተበጠበጠ ቀለም ሣለ። በእርጥብ ኖራ ላይ የተሣለ ቀለም ከግድግዳው ጋር አብሮ ይደነድናል፤ በደረቅ ላይ የተሣለው ግን እንደ ቅርፊት ከላይ ይቀመጣል። ልስኑ ሲነሣ የመልአኩም ፊት አብሮ ይረግፋል።

ለጭቃው ግድግዳ ታላቁ መላ ጨርቅ ሆነ። እንጨት በክረምት ያብጣል፤ በጋ ሲሆን ይሸሻል፤ ስለዚህ የተደፈነው ስንጥቅ ተመልሶ ይከፈታል። በጎንደር ዘመን የጥጥ ጨርቅ በተስተካከለው ግድግዳ ላይ በሙጫ እየተለጠፈ፣ በላዩም ነጭ መደብ እየተቀባ ሥዕሉ ይሣል ጀመር። ግድግዳው ከሥር ቢሰነጠቅ ጨርቁ እንደ ድልድይ ተሻግሮ ይይዘዋል። እዚህ ላይ የጥንቱ ሠራተኛ ከአንዳንድ የዛሬ ጠጋኞች ይልቅ አስተዋይ ነበር ማለት ይቻላል፤ በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የሚለስን ሰው እርጥበቱን ከውስጥ ዘግቶ ሥዕሉን ያበሰብሰዋል።

ነገር ግን ከግድግዳ ጋር ያልተዋሐደ ሥዕል ከግድግዳ ሊላቀቅም ይችላል። ይህ የታየው በጎንደር፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1667–1682) በተሠራው በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ቡድን ሥዕሎቹን ከነጨርቃቸው ከግድግዳው ልጦ ወሰደ። የቡድኑ አባል የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ በምትካቸው ቅጂዎችን ሣለ። ምክንያት ተደርጎ የቀረበው ሥዕሎቹን ከጥፋት ማዳን የሚል ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ እየፈረሰ መሆኑ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ለሚያፈስስ ቤት መፍትሔው ጣሪያውን መጠገን እንጂ ሥዕሉን ወደ ፓሪስ መጫን አልነበረም። ከቡድኑ አባላት አንዱ የነበረው ደራሲ ሚሼል ሌሪስ የጉዞውን የዕለት ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1934 ሲያሳትም ይህንኑ ሥራ ሳይሸሽግ ጽፎታል።

በጨርቁ የተነሡት ሥዕሎች በፓሪስ ቤተ መዘክሮች ሲዘዋወሩ ኖረው፣ ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2006 በተከፈተው በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ተመልካቹ ቀለሙን ያያል፤ ቅዱሳኑንም ያያል። ጨርቁን ተሸክሞ የኖረው ጭድ የገባበት የጎንደር ጭቃ ግን በዚያ የለም።