ከድሪቶ የተሰፋ የመብዓ ከረጢት

«ድሪቶ» ሲባል ለብዙዎቻችን የድህነት ምልክት ነው። ጃፓኖችም ለዚሁ «ቦሮ» የሚል ቃል አላቸው። ዛሬ ከሰማያዊ የገበሬ ልብስ ጨርቅ የተሰፉ ትንንሽ የጃፓን ከረጢቶች በውድ ዋጋ ሲሸጡ የሚያይ ሰው፣ ታሪካቸው ከዚህ ቃል እንደሚነሣ ቢነገረው ይገርመው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868 ጃፓንን የገዛው የቶኩጋዋ መንግሥት ማን ምን እንደሚለብስ በሕግ ይወስን ነበር። በ1628 በወጣ ድንጋጌ ገበሬው ሐር ተከልክሎ በቃጫና በጥጥ ልብስ እንዲወሰን ተደረገ። የሥራ ልብሱም በአብዛኛው የሚነከረው ኢንዲጎ ከሚባለው ተክል ቅጠል በሚወጣው ሰማያዊ ቀለም ነበር።

በሰሜን ጃፓን ግን ጥጥም ብርቅ ነበር። አገሩ ብርዳም ስለሆነ ጥጥ አያበቅልም። አሮጌ ልብስና ቁራጭ ጨርቅ ከኦሳካ በኩል በመርከብ ይመጣል። የገበሬዋ ሚስት ቁራጩን በቃጫው ልብስ ላይ ደርባ በክር ደጋግማ ትሰፋዋለች። «ሳሺኮ» የሚባለው ስፌት ይህ ነው፤ ጨርቁን ያጠነክራል፣ ሙቀትም ይይዛል። ያለቀ ልብስ አይጣልም፤ ለሌላ ልብስ መጣፊያ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የተረፉ ደህና ደህና ቁራጮች ተገጣጥመው «ኮሜቡኩሮ»፣ ማለትም የሩዝ ከረጢት፣ ይሰፋባቸዋል። አፉ ላይ መሳቢያ ገመድ ይገባለታል። ከረጢቱ ሩዝ ተሞልቶ ለቤተ መቅደስ መብዓ ይቀርባል። ይህ ቀላል ስጦታ አልነበረም። ግብር የሚከፈለው በሩዝ ስለነበረ፣ ሩዙን የሚያመርተው ገበሬ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚበላው ገብስና እንደ ዳጉሳ ያለ እህል ነበር። ለራሱ የሰሰተውን ነበር በዚያ ከረጢት ይዞ የሚሄደው።

እ.ኤ.አ. በ1897 ጀርመኖች በፋብሪካ የተሠራ ኢንዲጎ ለገበያ አቀረቡ፤ የፋብሪካ ጨርቅም በዛ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኑሮ ሲሻሻል ብዙ ቤተሰብ ድሪቶውን እንደ ነውር ደበቀው፣ አቃጠለው። ታናካ ቹዛቡሮ የተባለ የአኦሞሪ ሰው ግን ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየመንደሩ እየዞረ ይሰበስብ ነበር። መንግሥትም በ1983 ከስብስቡ 786 የሳሺኮ ልብሶችን በአገር ቅርስነት መዘገበ።

ትናንት ያሳፈረው ዛሬ ቅርስ ሆኗል። በአዲሶቹ ከረጢቶች ላይ የነጋዴው ስም ይነበባል፤ ጨርቁን በክረምት ሌሊት የጣፉት ሴቶች ስም ግን የትም አልተጻፈም። የቀረልን ስፌታቸው ብቻ ነው። እኛም የእናቶቻችንን አሮጌ ጨርቅ ከመጣላችን በፊት፣ እስቲ ገልበጥ አድርገን ስፌቱን እንየው።