ዕድርና ወረርሽኝ፦ የጤና መድን ቋት ምን ያህል ይስፋ?

ለዘመድ ተዝካር ወደ ትክል ድንጋይ በሄድሁ ጊዜ፣ አንድ አዛውንት አጎቴ ከጋቢያቸው ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈትተው አሳዩኝ። በላስቲክ የተጠቀለለ የጤና መድን ደብተር ነበር።

«ይኸውልህ፣ ዘንድሮም አድስ ብለውኛል። አምና ሦስት ጊዜ ታምሜ ሄድሁ። ሁለቱን ጊዜ ‹መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ› አሉኝ። ዕድራችን ግን አንድም ቀን ‹ድንኳኑ የለም› ብሎን አያውቅም። አንተ የተማርህ ነህና ልዩነቱን ንገረኝ።»

በሰዓቱ የሰጠኋቸው መልስ እኔንም አላረካኝም። ታሪክ አስተምራለሁ ብዬ ደመወዝ ስለምበላ፣ ዕዳዬን በዚህ ጽሑፍ ልክፈል።

ዕድር ለምን ይሠራል?

የጤና መድን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሐሳብ ነው የሚሉ አሉ። መዋጮ ሰብስቦ የአንዱን መከራ ለብዙ ትከሻ ማካፈል ግን ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ዕድር ማለት ይኸው ነው። ዕድር የሚጸናው በሦስት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛ፣ ሞት በአብዛኛው የሚመጣው በየተራ፣ ወደ አንድ ቤት ነው፤ የአንዱን ወጪ መቶው ይሸከመዋል። ሁለተኛ፣ የቀብር ወጪ ከቤት ቤት እጅግ ስለማይለያይ እኩል ማዋጣት ፍትሐዊ ነው። ሦስተኛ፣ አባላቱ ዳኛውንም ገንዘብ ያዡንም በዓይን ያውቋቸዋል።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተቀረጸው በዚሁ መንፈስ ነው። ቀበሌው ተሰብስቦ ይመክራል፤ ቤተሰቡ በአንድነት ይመዘገባል፤ መዋጮው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ይከፈላል። ጥያቄው ሕመም እንደ ሞት በየተራ ይመጣል ወይ የሚለው ነው። የራሳችን አገር ታሪክ ሁልጊዜ አይደለም ይለናል።

ደምቢያ የሰጠችው ትምህርት

በ1945 ዓ.ም. ገደማ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ ባለችው ደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከዚህ እልቂት ጋር የተያያዘ ነው። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የልማት ተራድኦ ጋር ሆኖ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን ያሠለጥን ጀመር። ከማሠልጠኛ ጣቢያዎቹ አንዱ የደምቢያው ቆላ ድባ ነበር።

ኮሌጁ ጥቂት ዓመት እንዳስቆጠረ፣ ከ1950 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ የባሰው መጣ። ወባ ከወትሮው ወሰኗ አልፋ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወደሚደርሰው አገር ወጣች። በሽታውን የመቋቋም ልማድ ያልነበረው ሕዝብ በያለበት ወደቀ። በመላ አገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህን ተከትሎ ነው።

እስቲ ለአፍታ፣ በዚያ ዘመን በየመንደሩ የሕመም ዕድር ነበረ እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት ካዝናው ባዶ በሆነ ነበር፤ ከፋዩም ተከፋዩም በአንድ ጊዜ አልጋ ላይ ነውና። ለደምቢያ የደረሰላት ከደምቢያ ውጭ የተሰበሰበ ገንዘብና እውቀት ነው። የታሪኩ ትምህርት በእኔ አስተያየት ይህች ናት፦ መከራው ከቋቱ ከሰፋ፣ ቋቱ መከራውን አይችለውም።

ከበሬ ሽያጭ ወደ ደብተር

ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት የድሃ መታከሚያ ከቀበሌ ወይም ከገበሬ ማኅበር የሚጻፍ የነጻ ሕክምና ወረቀት ነበር። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ሌላ አሠራር አመጣ፤ ጤና ተቋማት የሰበሰቡትን ገንዘብ ለራሳቸው አገልግሎት እንዲያውሉ፣ የድሆችም ወጪ አስቀድሞ በተለየ ዝርዝር እንዲሸፈን ተወሰነ። ከዝርዝሩ ውጭ የቀረው ገበሬ ግን በታመመ ጊዜ ከኪሱ መክፈሉን ቀጠለ። ለቤተሰቡ ሕክምና በሬውን የሸጠ ገበሬ፣ በሚቀጥለው ክረምት መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብሁትም፤ በአባቴ ቤት አይቼዋለሁ።

መድኑ የመጣው ይህን ሊያስቀር ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ተመረጡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከቤተሰቦቹ ግማሽ ያህሉ አባል ሆኑ፤ አባላቱም ከሌላው ይልቅ ወደ ጤና ተቋም ይሄዱ እንደነበር ታየ። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ በአብዛኛው የአገሪቱ ወረዳ ተዳርሷል። ይህን ማናናቅ ነውር ነው።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ግን አለ። ለእኛ ለደመወዝተኞች የተዘጋጀው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም.፣ ማለትም ከገበሬው ሙከራ በፊት ነበር። ሠራተኛው ከደመወዙ ሦስት በመቶ፣ አሠሪውም ሦስት በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። እኛ አጉረመረምን፤ አፈጻጸሙም ከአሥር ዓመት በላይ በተደጋጋሚ ተራዘመ። በዚህ ሁሉ ዘመን ገበሬው ከገበሬው ጋር ብቻ አዋጣ። የተሻለ ገቢ ያለን እኛ ከቋቱ ውጭ ቆመን ስለ ቋቱ ድህነት ጥናት ጻፍን።

የወረዳ ቋት ጠባብ ነው

የአጎቴ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። መድኑ የተደራጀው በወረዳ ነው። በአንድ ወረዳ ያለ ገበሬ ድርቁም በረዶውም ወባውም በአንድነት ያገኘዋል፤ ማዋጣት በሚያቅተው ዓመት መታከም ይበዛበታል። ደግሞም የእኛ አገር ወጣት በሰሊጥ ወራት ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። የሚታመመው እዚያ ነው፤ ደብተሩ የሚሠራው ግን ወረዳው ውል ከገባባቸው ተቋማት ዘንድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ጦርነቱ የመድኃኒቱን መንገድ ሲዘጋ፣ ችግሩ በችግር ላይ ተደረበ።

ከእኛ ቀድመው የጀመሩትን እንመልከት። ጋና እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ በየወረዳው የመድን ማኅበራት አቋቁማ፣ በ2012 በአንድ አገር አቀፍ ተቋም ጠቀለለቻቸው፤ ከመዋጮውም በላይ ከሸቀጥና ከአገልግሎት በሚሰበሰብ ግብር ትደጉመዋለች። ሩዋንዳም እንዲሁ በየአካባቢው ጀምራ፣ በ2015 አስተዳደሩን ለአንድ አገር አቀፍ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም ሰጠች። ሁለቱም ከጎረቤት መዋጮ ተነሥተው ጎረቤት ብቻውን እንደማይበቃ ተረዱ።

«ቋቱ ሲሰፋ ተቆጣጣሪ ያጣል፤ ዳኛውን የማያውቁት ዕድር ይበላል» የሚል ተቃውሞ እሰማለሁ። ከባድ ተቃውሞ ነው፤ የዕድርን ሦስተኛ ምሰሶ ይነካልና። ሆኖም ገንዘቡን በሰፊው መሰብሰብ፣ ቁጥጥሩን ደግሞ ለቀበሌው ሰው መተው ይቻላል። አባላት በየሩብ ዓመቱ ተሰብስበው የትኛው መድኃኒት እንደጠፋና ማን ተጠያቂ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከውጭ የገዙበትም ገንዘብ ይመለስላቸው።

ሰፊ ቋት ሕልም አለመሆኑን ደግሞ ያችው ወባ ታስረዳናለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙን የዓለም ጤና ድርጅት ዘግቧል። የሟቾቹ ቁጥር ግን በሺህ ደረጃ እንጂ እንደ ያኔው በመቶ ሺህ አልነበረም። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ አንዱ የወባ መድኃኒት በመንግሥት ተቋማት በነጻ መሰጠቱ ነው፤ ወጪውን የሚሸከመው አገርና ዓለም እንጂ ወረዳ አይደለም።

አባልነቱ በግዴታ ይሁን ወይስ በፈቃድ እያልን የምንከራከረው ክርክር ቅደም ተከተሉን የሳተ ይመስለኛል። አስቀድሞ ቋቱ ይስፋ፤ እኛ ደመወዝተኞችም እንግባበት፤ የጎደለውን የመንግሥት ግምጃ ቤት ይሙላ። መድኃኒቱ ከመስኮቱ በተገኘ ጊዜ ግዴታው ራሱ ይቀላል።

አጎቴ፣ መልሴ ይኸው ነው፦ ዕድርዎ የሚያምንዎትን ያህል ሰፊና ለሸክሙ የሚበቃ ነው። ደብተርዎ ግን የዕድርን ትከሻ ይዞ የወረርሽኝን ሸክም እንዲያነሣ ታዘዘ። ጥፋቱ ካዋጡት ከእርስዎ ሳይሆን፣ ካላዋጣነው ከእኛ ነው።