የክልል ምክር ቤት ጀማሪ ዕጩ

በአማራ ክልል ምክር ቤት አንድ መቀመጫ ለማግኘት ለመጀመሪያ ጊዜ በምርጫ የሚወዳደር ሰው። ምክር ቤቱ ባሕር ዳር ላይ የሚሰበሰብ ሲሆን 294 መቀመጫዎች አሉት፤ የሥራ ዘመኑም 5 ዓመት ነው።

ዕጩነት የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። መራጭ ለመሆን 18 ዓመት ይበቃል፤ ለመመረጥ ግን ቢያንስ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ጀማሪው በፓርቲ ስም ወይም በግሉ መቅረብ ይችላል።

መራጩ በምርጫ ጣቢያ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ይቀበላል፦ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት። ማንበብ የማይችል ሰው ዕጩውን የሚለየው በምልክቱ ነው። በሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ አምፖል የብልጽግና ፓርቲ፣ ሚዛን የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ (ኢዜማ) ምልክት ነበር። በክልሉ 138 የምርጫ ክልሎች ብቻ ስላሉ ብዙዎቹ ለክልል ምክር ቤት ከአንድ በላይ ተወካይ ይልካሉ፤ ስለዚህ ጀማሪው ከተቀናቃኞቹ ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱ ፓርቲ ዕጩዎች ጋርም ጎን ለጎን ይወዳደራል።

አዲስ መሆን ሁልጊዜ መሸነፍ ማለት አይደለም። ሰኔ 2010 ባሕር ዳር የተመሠረተው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ለመጀመሪያ ጊዜ በተወዳደረበት በ2013 ምርጫ 5 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎችን አግኝቷል።

በክልሉ ደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ክፍል ለጀማሪ ዕጩ ከባዱ ጉዳይ መልክዓ ምድሩ ነው። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ከደሴ የምትገናኘው በአቀስታ በኩል ነው፤ ወደ ምዕራብ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። ከደጋ ቀበሌ ወደ ቆላ ለሚወርድ ተወዳዳሪ የገበያ ቀን፣ ዕድርና የሃይማኖት በዓል ሕዝቡን በአንድ ቦታ የሚያገኝባቸው አጋጣሚዎች ናቸው። በከተማዋ ካምፓስ ያለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ወጣት መራጮችን ያሰባስባል።