አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ

አበው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ አደራ በውል ይጻፋል፤ ባለአደራ ይሰየምለታል፤ ፍርድ ቤትም ይጠብቀዋል። ይሁንና ውል ምንም ቢጠብቅ ዋናው ጥያቄ «የሚያጸድቀው ማን ነው? ባለአደራውንስ ማን ይመርጣል?» የሚለው ነው። የዶክተር አልበርት ባርንስ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

ባርንስ የፊላደልፊያ ተወላጅ ናቸው። በመድኃኒት ንግድ ከበለጸጉ በኋላ የሬኗርን 181፣ የሴዛንን 69፣ የማቲስን 59 ሥዕሎች ሰበሰቡ፤ የአፍሪካ ቅርጻ ቅርጾችንም ጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ1922 ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ሜሪዮን የትምህርት ድርጅት አቋቁመው በአደራ ውል አሠሩት። ከሞቱ በኋላ ሥዕሎቹ እንዳይሸጡ፣ እንዳይዋሱ፣ ከተሰቀሉበትም እንዳይነሱ አዘዙ።

ባለአደራዎቹ አምስት ነበሩ። ባርንስ በ1950 ደንቡን አሻሽለው፣ ወደፊት ከአምስቱ አራቱን የማቅረብ ሥልጣን ለሊንከን ዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ሊንከን ለጥቁሮች ትምህርት የተመሠረተ፣ ክዋሜ ንክሩማና ናምዲ አዚኪዌ የተማሩበት ተቋም ነው። በዓመቱ ባርንስ በመኪና አደጋ ሞቱ።

ዓመታት አለፉ፤ የድርጅቱ ገንዘብ ተመናመነ፤ የክስ ወጪም ተጨመረበት። በ2002 ባለአደራዎቹ ሥዕሎቹ ወደ ፊላደልፊያ እንዲዛወሩና ቦርዱ ከ5 ወደ 15 እንዲሰፋ ፍርድ ቤትን ጠየቁ። ሦስት ታላላቅ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይህ ከተፈቀደ 150 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ እንደሚረዱ ቃል ገቡ። ሊንከን ግን ተቃወመ፤ ከአምስት አራት የነበረው ድምፁ ሊዋጥ ነውና። በ2003 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ርዳታ ለመስጠት ቃል ሲገባ፣ ከ15 መቀመጫ 5ቱን ይዞ ተስማማ። ዳኛው በታኅሣሥ 2004 ዝውውሩን ፈቀዱ፤ አዲሱ ሕንፃም በ2012 ተከፈተ።

ደጋፊዎች «ድርጅቱ ከመዘጋት ዳነ፤ ሥዕሎቹም እንደ ቀድሞው አሰቃቀላቸው ተሰቅለዋል» ይላሉ። ተቃዋሚዎች «የሟች ቃል ፈረሰ» ይላሉ። የሚያስገርመው ግን አንድም ፊርማ አለመጉደሉ ነው፤ ባለአደራው ጠየቀ፣ ሊንከን ተስማማ፣ ፍርድ ቤት አጸደቀ።

በስደት ላይ ቤተ ክርስቲያን ወይም የመረዳጃ ማኅበር አቋቁሞ ሕንፃ የሚገዛ ወገን ከዚህ ብዙ ይማራል። «ያለ ባለአደራዎች ፈቃድ አይሸጥም» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። ስንት ድምፅ እንደሚያስፈልግ፣ የጎደለውን ወንበር ማን እንደሚሞላ፣ ቦርዱን ማን ሊያሰፋ እንደሚችልም አብሮ መጻፍ አለበት። ካዝናው የተራቆተ ባለአደራ ደግሞ ቃሉን ለመጠበቅ አቅም ያጣል።