የጠላቂው መጠባበቂያ ትንፋሽ

አንባቢ ሆይ፤ ሰው አየሩን በጀርባው አዝሎ ባሕር ውስጥ እንደ ልቡ የሚዋኝበትን መሣሪያ ፈረንሳውያኑ የባሕር ኃይል መኰንን ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ሠሩ። ነገር ግን የታዘለ አየር እንደ ስንቅ ያልቃል። ጥልቀቱ በ10 ሜትር በጨመረ ቍጥር የአንድ አትሞስፌር ግፊት ስለሚታከል፥ በ30 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ በየብስ ከሚበቃው አየር 4 እጥፍ ይፈጃል።

የቀድሞዎቹ ጠላቂዎች ብዙዎቹ የግፊት መለኪያ አልነበራቸውም። በሲሊንደሩ አፍ ላይ ባለሞላ ቫልቭ ነበረ፤ አየሩ ሲያንስ መተንፈስ ይከብዳል፥ ያን ጊዜ ዘንጉን ስበው የቀረውን ይለቁታል። ሆኖም ዘንጉ በግጭት ቀድሞ ከወረደ፥ ጠላቂው መጠባበቂያውን ሳያውቅ ይጨርሰዋል፤ በጭንቅ ሰዓት ቢስበው ባዶ ነው። በእኔ ግምት ይህ ከአንድ አቁማዳ ሁለት ስንቅ መቍጠር ነበር።

በኋላ ግን ከትልቁ ሲሊንደር ጎን ትንሽ ሲሊንደር ከነመቆጣጠሪያውና ከነመለኪያው ይታሰር ጀመር። 3 ሊትር የሚይዘው በ200 አትሞስፌር ሲሞላ 600 ሊትር ያህል አየር ይሰጣል፤ ይህም ለመዋኛ ሳይሆን በዝግታ ወደ ላይ ለመውጫ ነው። የአፉ መያዣ ከዋናው የሚለይ ምልክት ተደርጎበት ደረት ላይ ይውላል፤ ጠላቂውም ከመጥለቁ በፊት መለኪያውን አይቶ፥ ከእርሱም ተንፍሶ ይፈትነዋል።