በእንፋሎት ልብስ መተኮሻ ማሽኖች ላይ ንጣፍን ከሙቀት ጉዳት መጠበቅ

የእንፋሎት ልብስ መተኮሻ ማሽን በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች፣ በሆቴሎች፣ በሆስፒታሎችና በላውንድሪ ቤቶች አገልግሎት ላይ ይውላል። ከማሽኑ ክፍሎች መካከል ቶሎ የሚያልቀው ልብሱ የሚዘረጋበት ለስላሳ ንጣፍ ነው። ብዙ ተጠቃሚዎች ንጣፉ የሚጎዳው ሥራ ሲበዛበት እንደሆነ ያምናሉ። ይሁን እንጂ ንጣፉ ለሙቀት ጉዳት ይበልጥ የሚጋለጠው ማሽኑ ሞቆ ያለ ሥራ በተዘጋበት ጊዜ ነው። ይህ መረጃ የጉዳቱን መንስኤ፣ የመከላከያ መንገዶችን፣ እንዲሁም የአሠሪና የሠራተኛን ኃላፊነት ያብራራል።

1. የንጣፉ አገልግሎት

ማሽኑ በዋናነት ሁለት ክፍሎች አሉት። የታችኛው መደብ ቀዳዳዎች ያሉት ብረት ሲሆን፣ በላዩ ላይ ንጣፍና ሽፋን ጨርቅ ይለብሳል። የላይኛው ሰሌዳ በእንፋሎት ወይም በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሲሆን፣ በሚዘጋበት ጊዜ ልብሱን በንጣፉ ላይ ይጫናል። እንፋሎቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ የጨርቁን ክር ያለሰልሳል፤ ቀጥሎም አየር መሳቢያው (ቫኩም) እርጥበቱን ወደ ታች በመሳብ ልብሱን ያደርቃል፣ ያቀዘቅዛል።

ንጣፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት ድርብርቦች አሉት፦

- ከብረቱ ጋር የሚገናኝና እንፋሎቱን በእኩል የሚያሰራጭ ቀጭን የብረት መረብ፤
- ግፊቱን የሚያለዝብ ሙቀት ቻይ ስፖንጅ ወይም የተጨመቀ ምንጣፍ (ፌልት)፤
- ከልብሱ ጋር የሚነካካና በየጊዜው የሚለወጥ ሽፋን ጨርቅ።

እነዚህ ድርብርቦች የተስተካከሉ ሲሆኑ ግፊቱ በልብሱ ላይ በእኩል ያርፋል። ሲጠነክሩ ወይም ሲሳሱ ግን ቁልፎች ይሰበራሉ፣ ኪሶችና ስፌቶች በልብሱ ፊት ላይ ይታተማሉ፣ ጥቁር ጨርቅም ያልተፈለገ አብረቅራቂ መልክ ይይዛል።

2. የሙቀቱ መጠን በምን ይወሰናል?

በእንፋሎት የሚሞቅ ሰሌዳ የሙቀት መጠን በቦይለሩ ግፊት ይወሰናል። በባሕር ጠለል ላይ የግፊት መለኪያው 4 ባር ሲያሳይ የእንፋሎቱ ሙቀት ወደ 152 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 5 ባር ሲያሳይ ወደ 159፣ 6 ባር ሲያሳይ ወደ 165 ዲግሪ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ልዩነቱ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ የሚደርስ ቅናሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍታው የማሽኑን ሰሌዳ በግልጽ አያቀዘቅዘውም።

በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሰሌዳ ግን ከዚህ ይለያል። በእንፋሎት የሚሞቀው ሰሌዳ ከእንፋሎቱ ሙቀት በላይ ሊሄድ አይችልም። የኤሌክትሪኩን ሰሌዳ የሚገድበው ቴርሞስታቱ ብቻ ስለሆነ፣ ቴርሞስታቱ ከተበላሸ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል። በዚህም ምክንያት በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ማሽን ያላቸው ድርጅቶች ቴርሞስታቱን በባለሙያ በየጊዜው ማስፈተሽ ይኖርባቸዋል።

3. ጉዳቱ የሚደርሰው መቼ ነው?

ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከፍተኛ ሙቀት ይወስዳል። 1 ኪሎ ግራም የፈላ ውሃ ሙሉ በሙሉ ለመትነን ወደ 2,250 ኪሎጁል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ንጣፉና ልብሱ እርጥበት እስካላቸው ድረስ ከሰሌዳው የሚመጣው ሙቀት እርጥበቱን በማትነን ላይ ይውላል፤ የንጣፉም ሙቀት ከውሃ መፍያ ነጥብ ብዙም አይርቅም። ይህ ነጥብ በአዲስ አበባ ወደ 92 ዲግሪ ነው።

እርጥበቱ ካለቀ በኋላ ሰሌዳው እንደተዘጋ ከቆየ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ሙቀቱን የሚወስድለት ውሃ ስለሌለ የንጣፉ ሙቀት ወደ ሰሌዳው ሙቀት ይጠጋል። ለጥቂት ሰኮንዶች የሚቆይ መጫን ጉልህ ጉዳት አያደርስም። በምሳ ሰዓት ወይም ልብስ እስኪመጣ ድረስ ተዘግቶ የሚቆይ ትኩስ ማሽን ግን ንጣፉን በደረቅ ሙቀት ይጠብሰዋል። የጥጥ ጨርቅ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆንና ጥንካሬውን ያጣል። ስፖንጅ መለጠጡን አጥቶ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ፖሊስተር የሚቀልጠው ወደ 250 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም፣ ከዚያ በታች ባለ ሙቀት ለረዥም ጊዜ ሲቆይ ይኮማተራል፣ ይጠነክራል።

በሌላ በኩል ንጣፉ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ መቆየቱም ጉዳት አለው። ሙቀትና እርጥበት በአንድነት ለረዥም ጊዜ ሲቆዩ የፖሊስተርን ክር ያዳክማሉ። የብረት መረቡም ዝገት የማይችል ከሆነ ይዝጋል፤ ዝገቱም በነጭ ልብስ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። ይህንን ለማስቀረት ሲባል አንዳንድ ሠራተኞች በሥራ መጨረሻ ሰሌዳውን ዘግተው ንጣፉን በሙቀት ለማድረቅ ይሞክራሉ። ይህ አሠራር ከላይ የተገለጸውን የመጠበስ ጉዳት ያስከትላል። ንጣፍ መድረቅ ያለበት በአየር እንጂ በሙቀት አይደለም።

4. የዕለት ተዕለት አጠቃቀም

*ሥራ ሲጀመር*

1. በቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ እንዲወጣ ማድረግና የእንፋሎቱን ቫልቭ በዝግታ መክፈት።
2. ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ የላይኛውን ሰሌዳ ክፍት አድርጎ መጠበቅ።
3. ከልብስ በፊት ንጣፉን ጥቂት እንፋሎት በመስጠትና ቫኩም በማሠራት ማዘጋጀት።

*በሥራ ላይ*

1. እንፋሎት፣ መጫን፣ ቫኩም የሚለውን ቅደም ተከተል መጠበቅ። ቫኩሙን መዝለል ልብሱንም ንጣፉንም እርጥብ ያደርጋል።
2. ሰሌዳውን ለጨርቁ ዓይነት ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አለመዝጋት።
3. በንጣፉ ላይ ልብስ ሳይኖር ሰሌዳውን አለመዝጋት።
4. የብረት ጌጥ፣ መርፌ ወይም ዚፕ ንጣፉን እንዳይወጋ ልብሱን አስቀድሞ መመልከት።

*ሥራ ሲቋረጥ*

ለአጭር ጊዜም ቢሆን ከማሽኑ የሚርቅ ሠራተኛ ሰሌዳው መከፈቱን ማረጋገጥ አለበት። የኤሌክትሪክ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ቫኩሙና የአየር መጭመቂያው (ኮምፕሬሰሩ) ይቆማሉ፤ ሰሌዳው ግን ለረዥም ጊዜ እንደሞቀ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሰሌዳው ተዘግቶ ከቀረ የማሽኑ መመሪያ በሚፈቅደው መንገድ በእጅ መክፈትና በመሃል የቀረውን ልብስ ማውጣት ያስፈልጋል። ኃይል ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዳይንቀሳቀስ ማብሪያውን ማጥፋት አስፈላጊ ነው።

*ሥራ ሲጠናቀቅ*

1. የእንፋሎቱን ቫልቭ መዝጋት።
2. ሰሌዳውን ክፍት አድርጎ ንጣፉ እስኪደርቅ ድረስ ቫኩሙን ማሠራት። ለዚህ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል።
3. በሞቀ ንጣፍ ላይ ልብስ፣ ፕላስቲክ ወይም ወረቀት አለመተው።
4. ሰሌዳው ክፍት እንደሆነ ማሽኑን ማጥፋት።

5. ንጣፍ ሲመረጥና ሲለወጥ

ንጣፍ የሚመረጠው ማሽኑ የሚሠራበትን ከፍተኛ ሙቀት መሠረት በማድረግ ነው። ሻጩ ምርቱ በደረቅ ሙቀትና በእንፋሎት ውስጥ ስንት ዲግሪ እንደሚችል እንዲገልጽ መጠየቅ ተገቢ ነው። ደረቅ ሙቀትን በሚገባ የሚችል ስፖንጅ ለእንፋሎት ላይስማማ ይችላልና ሁለቱም መረጃዎች ያስፈልጋሉ።

ወጪ ለመቀነስ ሲባል የፍራሽ ስፖንጅ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ በንጣፍነት መጠቀም አደገኛ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ በእንፋሎት ውስጥ ቶሎ ይፈረፈራል። እሳት ከያዘው በፍጥነት ይነዳል፤ ጭሱም ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ሳያናይድ የተባሉ መርዛማ ጋዞችን ይይዛል። ከአክሪሊክ የተሠሩ ብርድ ልብሶችም በሙቀት ይለሰልሳሉ፣ በቀላሉም ይቀጣጠላሉ።

በለውጥ ጊዜ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ፦

- ማሽኑ ከእንፋሎትና ከኤሌክትሪክ መስመር ተለያይቶ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፤
- የመደቡን ቀዳዳዎች ከክርና ከዝገት ማጽዳት፤
- አዲሱን ሽፋን ሳይጨማደድ በእኩል መወጠር፤
- ከጥቂት ቀናት ሥራ በኋላ የረገበውን ሽፋን እንደገና ማጥበቅ።

የውሃው ዓይነትም ሊታሰብበት ይገባል። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ካልሲየም የበዛበት የከርሰ ምድር ውሃ በሚጠቀሙ አካባቢዎች በቦይለር ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ከቦይለሩ ከእንፋሎቱ ጋር ተገፍቶ የሚወጣ ውሃ ጨውን ወደ ንጣፉ ያደርሳል፤ ውሃው ሲተን ጨውና ቆሻሻ በንጣፉ ውስጥ ይቀራሉ፤ የእንፋሎቱም መተላለፊያ ይደፈናል። የውሃ ማለስለሻ መጠቀምና የቦይለሩን ዝቃጭ በመመሪያው መሠረት ማስወጣት የንጣፉን ዕድሜ ያራዝማል። እንፋሎትን አግዶ ውሃውን ብቻ የሚያስወጣው ስቲም ትራፕ የተባለው መሣሪያ ከተበላሸም ንጣፉ ያለማቋረጥ ይረጥባል።

6. ንጣፉ መለወጥ እንዳለበት የሚያሳዩ ምልክቶች

- የሽፋኑ ቀለም ወደ ቢጫ ወይም ቡናማ መለወጡ፤
- ንጣፉ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ አለመነሳቱ፤
- የብረት መረቡ ወይም የመደቡ ቀዳዳዎች ምልክት በልብስ ላይ መታየቱ፤
- ልብሱ በአንድ በኩል ደርቆ በሌላው በኩል እርጥብ ሆኖ መውጣቱ፤
- የመቃጠል ሽታ መኖሩ።

የመቃጠል ሽታ ሲኖር ሥራው ወዲያውኑ መቆም አለበት። ሽፋኑን ብቻ መለወጥ በቂ አይሆንም፤ ከሥር ያለው ስፖንጅ ወይም ምንጣፍም መታየት አለበት።

7. በዕድሜ የገፉ ማሽኖች

ቀደም ባሉት ዘመናት በተሠሩ አንዳንድ የመተኮሻ ማሽኖች ንጣፍና ሽፋን ውስጥ አስቤስቶስ የተባለ ሙቀት ቻይ ማዕድን ጥቅም ላይ ውሏል። የዚህ ማዕድን ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰርን ጨምሮ ከባድ በሽታ ያስከትላል። ያገለገለ አሮጌ ማሽን የገዛ ድርጅት የንጣፉን ምንነት በእርግጠኝነት ካላወቀ መቅደድ፣ ማራገፍም ሆነ በመጥረጊያ መጥረግ የለበትም። ማሽኑን ማቆም፣ ሠራተኞችን ማራቅና የሙያ ደኅንነት ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

8. የአሠሪና የሠራተኛ ኃላፊነት

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት አሠሪ የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለበት። ሠራተኞች ከሥራቸው ጋር የተያያዘውን አደጋና የመከላከያውን ጥንቃቄ እንዲያውቁ የማድረግ ኃላፊነትም የእርሱ ነው። የመተኮሻ ማሽንን በተመለከተ ይህ ግዴታ ትክክለኛ ንጣፍ ማቅረብን፣ የግፊት መለኪያውንና ቴርሞስታቱን ማስፈተሽን፣ እንዲሁም ሰሌዳው በሁለት እጅ ካልተጫነ እንዳይዘጋ የሚያደርጉ መከላከያዎች በሥራ ላይ መሆናቸውን ማረጋገጥን ይጨምራል።

ሠራተኛውም በአንቀጽ 93 መሠረት የደኅንነት መመሪያዎችን የማክበርና በመሣሪያ ላይ ያየውን ጉድለት ለአሠሪው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የጠቆረ ንጣፍ ከእነዚህ ጉድለቶች አንዱ ነው። ሥራ ለማፋጠን ሲባል የሁለት እጅ ማዘዣውን በማሰር ወይም በሌላ መንገድ ከጥቅም ውጪ ማድረግ እጅን ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋል።

አሠሪው የተነገረውን ጉድለት ካላስተካከለ ሠራተኛው ወይም ተወካዩ ጉዳዩን ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው ጉድለቱ የታየበትን ቀን፣ የማሽኑን ዓይነት፣ ለአሠሪው የተገለጸበትን ጊዜና የደረሰ ጉዳት ካለ መግለጽ ይኖርበታል። ከቀድሞው የተነሣ ንጣፍ ወይም ፎቶግራፍ ካለ በማስረጃነት ማቆየት ጠቃሚ ነው።

ማጠቃለያ

ንጣፍን ከሙቀት ጉዳት ለመጠበቅ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ትክክለኛ የሥራ ልማድ ነው። ልብስ በሌለበት ጊዜ ሰሌዳው ክፍት ይሁን፤ ከእያንዳንዱ መጫን በኋላ ቫኩም ይሠራ፤ በሥራ መጨረሻም ንጣፉ በአየር ይድረቅ። እነዚህን ሦስት ነጥቦች የሚጠብቅ ድርጅት የንጣፍ ወጪውን ይቀንሳል፣ የደንበኛውን ልብስ ከብልሽት ያድናል፣ ሠራተኛውንም ከቃጠሎና ከእሳት አደጋ ይጠብቃል።